«ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት»

ይህ የገጠመኝ ህክምና ስማር፣ ለልምምድ ከሰፈር ሐኪም ጋር በተመደብኩበት ሰሞን ነው። እስካሁን የማልረሳው በሽተኛ አይቼ ስለደነገጥኩ አይደለም። በሽተኛማ ስንት አይቻለሁ። የማልረሳው እንደ አባቴ የማየው ሰው ባደግሁበት ሰፈር፣ እናቴ ፊት ስለሸጠኝ ነው።

ትምህርት ቤታችን ሆስፒታል ብቻ ተምረን እንዳንቀር እያለ በየሰፈሩ ካሉ ሐኪሞች ጋር ይመድበናል። ሐኪሙ እያሠራ ያስተምራል፣ ሲያልቅ ስለ ተማሪው ለትምህርት ቤቱ ይናገራል። እኔ መርካቶ ካልሆነ ብዬ አስቸገርኩ። እናቴ ሸማ ተራ ነጠላ ትሸጣለች፤ ያደግሁት እዚያው ነው። ክሊኒኩ ደግሞ ዶክተር መላኩ ልበለውና የእሱ ነው። በልጅነቴ ኩፍኝ ሲይዘኝ ያከመኝ፣ “ይቺ ልጅ ሐኪም ትሆናለች” ብሎ ለእናቴ የነገራት እሱ ነው። ያኔ “እሳቸው” ነበር የምለው። ዛሬ “እሱ” የምለው አውቄ ነው፤ አንባቢ ባለጌ ናት እንዳይለኝ።

እውነቱን ለመናገር ጎበዝ አስተማሪ ነበር። የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ቤት አይሄድም፤ በዓል ሲደርስማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ያለባቸውን ነጋዴዎች ሱቅ ለሱቅ እየዞርን እናያለን። እኔ እለካለሁ፣ ለእሱ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይወስናል። ነጋዴው አንድ እጁን ለእኔ ሰጥቶ በሌላው ለገዢ ጋቢ ይዘረጋል። “የኛ ዶክተር መጣች” ሲሉኝ እናቴ የምትሆነውን ታጣለች።

ለፋሲካ ገበያው የደራ ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ጋሼ ከድር ሱቅ ገባን። ጋሼ ከድር ጋቢ አከፋፋይ ናቸው፣ ሱቃቸው ከእናቴ ሱቅ አጠገብ ነው። ስለካቸው ግፊታቸው ከሁለት መቶ በላይ ሆነ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው።

“ቀኝ እጄን ከነጋ ጀምሮ ይደነዝዘኛል። መቀሱ ራሱ ከእጄ ወደቀ” አሉኝ።

እሳቸው እየሰሙ፣ “ዶክተር፣ አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው” አልኩት።

“የበዓል ድካም ነው። ሰው አታስደንግጪ” አለኝና ወደ እሳቸው ዞሮ፣ “አይዞህ ከድር፣ ይቺን ኪኒን ዋጥ አድርግ። ከሰዓት ተመልሰን እንለካሃለን” አላቸው።

“ግዴለም፣ እኔ ራሴ ልውሰዳቸው” ብዬ ለመንኩት። ጋሼ ከድር አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩና፣ “ሂድ ካላችሁኝ እዘጋለሁ” አሉ። ልብ በሉ፣ በበዓል ገበያ እዘጋለሁ ያለ ነጋዴ ነው። ዶክተር መላኩ ሳቀ። “ምን ሆነህ ነው የምትዘጋው?” አላቸው።

ውጭ ስንወጣ ተቆጣኝ። “ደንበኛን እንዲህ ካስበረገግሽው ነገ ሌላ ጋ ነው የሚሄደው” አለኝ። አስተማሪዬ ነው፣ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ተከተልኩት።

ተመልሰን እስክንለካቸው አልቆዩም። ከምሳ በኋላ ከእነ ጋሼ ከድር ሱቅ ጩኸት ሰማን። ስንደርስ ጋቢው ላይ ወድቀዋል። ስትሮክ ነው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ ጎናቸው ግን አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ።

ትልቁ ልጃቸው ጀማል፣ “ጠዋት ለክተውት አልነበረም እንዴ? ለምን ዝም አሉ?” ብሎ ተነሳ። ሰፈሩ ደግሞ ነገሩ ፖሊስ ጋ ሳይደርስ በሽማግሌ ይለቅ አለ። ጋሼ ከድር ከሆስፒታል ሲወጡ እቤታቸው ተቀመጥን። እኔ ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ስለ ራሴ ቅንጣት አልፈራሁም። የተጨነቅሁት ለእሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንዳይበረቱበት ምን ልበልለት እያልኩ ነው የሄድኩት። ሞኝ!

ዶክተር መላኩ ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

“ግፊቱን የለካችው እሷ ናት። ደህና ነው አለችኝ፣ አመንኳት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተማሪ ማመን አልነበረብኝም። ልጅ ናት፣ ለኔ ስትሉ ይቅር በሏት።”

ባመኑት ፈረስ መጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። “እኔ እንደዚያ አላልኩም” ብዬ ስነሳ አንደኛው ሽማግሌ፣ “ልጄ፣ ታላቅ ሲናገር አይቋረጥም” ብለው አስቀመጡኝ። ተራዬ ሲደርስ የሆነውን በሙሉ ተናገርኩ። ሆስፒታል ይሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እምቢ ያለው እሱ ነው አልኩ። ጀማል፣ “ጭራሽ ሐኪሙን ውሸታም ልታደርጊው ነው?” አለኝ። ዶክተር መላኩ አንገቱን ደፋ። እኔ ዓይን አውጣ፣ እሱ ጨዋ ሆነን ቁጭ አልን።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። “አታዋርጂኝ። የጋሼ ከድርን ጉልበት ሳሚና እንሂድ” አለችኝ። እሷም አላመነችኝም። ከዚያ በኋላ ለመከራከር አቅም አጣሁ።

ጋሼ ከድር ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በደህና እጃቸው አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ደግሜ ጎንበስ አልኩ፣ ደግመው ቀና አደረጉኝ። የሆነ ነገር ሊሉ ታገሉ፣ የወጣው ግን ድምፅ ብቻ ነው። እንባቸው ፈሰሰ።

“ይኸው፣ ጉልበቴን አትሳሚ፣ ይቅር ብያለሁ አላት!” አሉ ሽማግሌዎቹ። ዱአ ተደረገ፣ ተመረቅን።

ይቅርታ አልነበረም። ያን ጠዋት እኔና ዶክተር መላኩ ስንነጋገር የሰሙት እሳቸው ናቸው። ከእኔ ሌላ እውነቱን ሊናገር የሚችል ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ አንደበት የላቸውም።

ውጭ ዶክተር መላኩ ተከትሎኝ መጣ። “አትቀየሚኝ” አለኝ። “ተማሪ ቢሳሳት ሰው ይረሳል። ሐኪም ተሳሳተ ከተባለ ግን ማን ይመጣለታል? አንቺ ሌላ ቦታ ሄደሽ ትሠሪያለሽ፣ እኔ የት እሄዳለሁ?” ጥዬው ሄድኩ። በኋላ ለትምህርት ቤቱ፣ “እስካሁን ካስተማርኳቸው ሁሉ የምትበልጥ ተማሪ ናት” ብሎ ተናገረልኝ። ጓደኞቼም እንኳን ደስ ያለሽ እያሉ ጨበጡኝ።

አሁን እኔም ሐኪም ነኝ፣ ሌላ ሰፈር እሠራለሁ። ጋሼ ከድር አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አረፉ። እውነቱን የነገርኩት ሰው ሁሉ፣ “ይቅር በይው፣ ሽማግሌ ሆኗል” ይለኛል። ለእናቴ እውነቱን ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። “ይሁን ልጄ፣ አለፈ እኮ” ነው መልሷ። አመንኩሽ ብላኝ አታውቅም።

በቅርቡ ልጠይቃት ስሄድ አልጋዋ አጠገብ የግፊት ኪኒን አየሁ። ግፊት እንዳለባት አልነገረችኝም ነበር። “ማን አዘዘልሽ?” አልኳት።

“ዶክተር መላኩ ነዋ።”

መለኪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁና፣ “እስቲ እጅሽን ስጪኝ” አልኳት።

“ተዪው፣ እሱ ጠዋት ለክቶኛል” አለችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ይቅር በይው የሚሉኝ ሰዎች ይህችን አላዩም።