መጠበቅ በቼክኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ቀበና ወንዝ ዳር፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የሠፈር ልጆች ጎረቤታችን ጋሼ ታምራት ቤት እንሰበሰብ ነበር። ያኔ የሌላው ሠፈር ሽማግሌ የጅብ ተረት ሲያወራ፣ የኛው በወጣትነታቸው ፕራግ ተምረው መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ የተቀነሱ ስለነበሩ፣ ኩራዙን መሃል አስቀምጠው አንድ የቼክ ግሥ ያረቡልን ነበር፤ «ቼካት»፣ መጠበቅ። ቼካም፣ እጠብቃለሁ። ቼካሽ፣ ትጠብቃለህ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ፍሙ ላይ እየተንጣጣ፣ ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ እስከ «ቼካዪ»፣ ይጠብቃሉ፣ ድረስ በዜማ እንወርድ ነበር።

«ነፍሰ ጡርም በዚሁ ግሥ ልጅ ትጠብቃለች ይባላል፤ ሥሩ ተስፋ ከሚል አሮጌ ቃል ጋር ይዛመዳል የሚሉም አሉ» ይሉና በሩን ያዩ ነበር። አንድ ልጃቸው ዳዊት ሰሜን ግንባር ዘምቶ ነበርና።

ክረምት ላይ የዳዊት ሞት ተሰማ፤ ከአባቱ በቀር ለሁሉም። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። እድራችን፣ ምስጋና ይግባውና፣ ነገሩን በችኮላ አላበላሸውም። እህታቸው ከካራ እስክትመጣ ተባለ፤ መጣች። ድንኳኑ ሌላ ለቅሶ ቤት ነበር፤ ተመለሰ። የእድሩ ዳኛ ጉንፋን ያዛቸው።

«አንቺ፣ ትንፍሽ ብትዪ!» አለችኝ እናቴ። እኔም አገር አደራ የሰጠኝ መስሎኝ ሦስት ሳምንት ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ «ቼካ፣ ይጠብቃል» ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እናቴ በብስኩት ሸለመችኝ።

አንድ ምሽት ጋሼ ታምራት እርባታውን አቋርጠው ዙሪያችንን ቃኙ።

«ምነው ዘንድሮ ሠፈሩ ሁሉ ጨዋ ሆነ? በአጥር የተካሰስነው ሰውዬ ሳይቀር ወጥ ይልክልኛል።»

ኩራዙን አስተካከሉና ቀጠሉ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እኛም ከኋላቸው ተከትለን ሄድን። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጋሼ ታምራት ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግተው ደርድረዋል።

«ግቡ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኋችሁ» አሉ። «ያ ሰውዬ ወጥ የላከ ዕለት ገብቶኛል እኮ። ሳታረዱኝ ማልቀስ ነውር ሆኖብኝ ነው።»

ከዚያ ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ሠፈሩ ዛሬም «ወግ ያለው መርዶ» እያለ ያነሳዋል፤ ድንኳኑ አላፈሰሰም፣ ሰውም አልጎደለም። እኔ ዘንድ የቀረው ግን ያ የኩራዝ ብርሃን ነው፤ እኔ ሞቱን ከሳቸው፣ እሳቸው እንባቸውን ከኔ ደብቀን፣ በአንድ ዜማ ስናረባ። ቼካሜ፣ እንጠብቃለን።