ለባሌ ያቀበልኩት እንዝርት

“ሌላስ፣ ልጄ?” ይሉኛል የንስሐ አባቴ፣ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ። ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ከጎረቤት መኳረፌን ነግሬያቸው ጨርሻለሁ። “ሌላ የለም፣ አባቴ” እላለሁ። እሳቸውም “እግዚአብሔር ይፍታሽ” ብለው መስቀል ያሳልሙኛል። ያልተናገርኩትን እንደያዝኩ ቤቴ እገባለሁ። እናቴም አፈር እስክትገባ ድረስ አልነገርኳትም። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይምሰላችሁ። ስለማታውቁኝ ነው።

የሻረግ እባላለሁ። ከወገዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር “እሳት የላሰች” የምባል ሴት ነኝ። እጄም ፈጣን ነው፣ ምላሴም። ሰው ሲንቀረፈፍ ካየሁ ሰውነቴን ያሳክከኛል። እንዲህ ላለችው ሴት እግዜር ታከለን ሰጣት።

ታከለ ባሌ ነበር። ሥራ የሚሠራው በራሱ መንገድ ነበር። ጥቅምት ብቶ ገብሱ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ ዝናብ ሳይመጣብኝ ብሎ ሲራወጥ፣ እሱ ጎህ ሲቀድ ይወጣና ጤዛው ሳይለቅ ያጭዳል። ፀሐዩ ሲከር ማጭዱን ነዶ ላይ ሰክቶ ወይራው ሥር ይጋደማል። ከጉና ተራራ በኩል ብርዱ መንፈስ ሲጀምር ደግሞ ተነስቶ እስኪመሽ ይሠራል። እያጨደ ያንጎራጉራል፤ እጁም ከእንጉርጉሮው ቀድሞ አያውቅም። ሲያጣድፉት ይስቃል። ከመንደሩ ሁሉ መጨረሻ የሚወቃው እሱ ነው፣ እህላችን ግን ሜዳ ላይ ቀርቶ አያውቅም። ይህን አሁን ነው የምለው። ያኔ የሚታየኝ የጎረቤታችን የአያሌው አውድማ ብቻ ነበር።

የአያሌው ሚስት ውኃ ስንቀዳ “የሻረግ፣ እናንተ ለገና ታደርሱት ይሆን?” ትለኛለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እንስራዬን ግን ከሁሉ ቀድሜ አዝዬ እሄዳለሁ።

እስካሁን ያወራሁት ማንም ሚስት የምታወራው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያስቸገረኝ።

በተጋባን ዓመት ከወገዳ ገበያ ስንመለስ ዳገቱን እኔ ፊት ፊት እያልኩ ወጣሁት። ዞር ስል ታከለ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሮጬ ወረድኩ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቅሁት። “የሻረግ፣ ለማንም እንዳትናገሪ” አለኝ። “ከልጅነቴ ጀምሮ ስጣደፍ ልቤ ልትፈነዳ ትደርሳለች። በልኬ ከሄድኩ ደህና ነኝ። ሰነፍ ይበሉኝ፣ እችለዋለሁ። በሽተኛ እንዲሉኝ ግን አልፈልግም።” አስማለኝ፤ ማልኩለት።

ገባችሁ? ሰነፍ ሲሉት የሚስቀው ደንታ ስለሌለው አልነበረም። ለምን እንደሚዘገይ የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። መሐላዬን ጠበቅሁ። እንዲያውም አጥብቄ ከመጠበቄ የተነሳ እኔው ራሴ የማላውቅ መሰልኩ።

ልጃችን ዳኘ ገና ጡት ሳይጥል፣ በጥቅምት ደቦ ጠራን። ወንዶቹ ተሰልፈው እየዘፈኑ ያጭዳሉ። ሰልፉ እኩል ይሄድና ታከለ ጋ ሲደርስ ይጎብጣል። እኔ ጠላውን አዝዬ፣ እንዝርቴን ከነባዘቶው መቀነቴ ውስጥ ሸጉጬ ደረስኩ። አያሌው ቀና ብሎ “ታከለ፣ ማጭድህ ተኝቶብህ ነው ወይ?” አለ። ሳቁ። ታከለም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

ለሁሉም ጠላ ቀዳሁ። ታከለ ዘንድ ስደርስ ላቡን ጠርጎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ጠላ አልሰጠሁትም። እንዝርቴን ከመቀነቴ መዝዤ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። “እንካ፣ አንተ ይህን ፍተል፤ ማጭዱን ለእኔ ስጠኝ” አልኩት።

በእኛ አገር ለወንድ በሰው ፊት እንዝርት ማቀበል ወንድ አይደለህም ማለት ነው። ከዚያ የሚብስ ስድብ የለም። ይህን አሳምሬ እያወቅሁ አቀበልኩት። ማንም አልገፋፋኝም፣ ጠላም አልቀመስኩም ነበር። እኔ፣ ዳገቱ ላይ ትንፋሹን የጠበቅሁለት ሴት፣ እኔ አቀበልኩት።

ወንዶቹ አንዴ በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ማጭዳቸው ጎነበሱ። ታከለ እንዝርቱን አገላብጦ አየው። ቀስ ብሎ መለሰልኝና “ክሩ እንዳይበጠስብሽ” አለኝ። ማጭዱን አንስቶ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ያን ቀን ሳያንጎራጉር አጨደ፣ ከአያሌውም ፊት ወጣ። እኔስ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ! ይህንንም ሳልደብቅ ልናገር፤ ደስ ብሎኝ እያዜምኩ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት።

ሳምንት ሳይሞላው መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርዱ ጎረምሶች ጋር እሄዳለሁ አለ። በዚያ ቆላ፣ በዚያ ሙቀት፣ ክፍያው ባጨዱት ልክ ነው። የሚወርደው ጉልበት ያለው ነው። “አትሂድ፣ ልብህን አስብ” ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? አንደበቴ ለስድብ ሲሆን እንደዚያ የሚቀለው፣ ለዚህ ተሳሰረ። ይቅርታ መጠየቅ ይሆንብኝና እበለጣለሁ ብዬ ነው። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠርኩለት። በሩ ላይ ሕፃኑን ሳመ። እኔም “ቶሎ ተመለስ” አልኩት። ያኔም እንኳ ቶሎ አልኩት።

ኅዳር ላይ አብሮት የነበረ አንድ የእስቴ ሰው መርዶውን ይዞ መጣ። ከመርዶው በኋላ ለብቻዬ አገኘሁትና ጠየቅሁት። “እረፍ ብንለው እምቢ አለን” አለኝ። “ከጎረምሶቹ ቀድሞ ሲያጭድ አረፈደ። ቀትር ላይ ውኃ ስጡኝ ብሎ ቁጭ አለ። ውኃው ሳይደርስለት አለፈ፣ እህቴ። ትኩሳትም ምንም አልነበረውም።” እዚያው ቆላ፣ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቀብረውታል። መቃብሩን አይቼው አላውቅም።

የእስቴው ሰው አገሩ ሄደ። እኔም ለለቀስተኛው ወባ ገደለው አልኩ። ለልጁ የቆርቆሮ ቤት ሊሠራለት ብሎ ወርዶ፣ ወባ ገደለው። ማን ይጠራጠራል? ከቆላ የቀረ ሰው ሁሉ ወባ ነው የሚባለው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ደረቴን ደቃሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ ሙሾ አወረድኩ። “እንዲህ የምትወደው ሚስት ነበረችው” ብለው አለቀሱልኝ። አያሌው እንዝርቱን አይቷል፤ የሚስት ቀልድ ነው ብሎ ረስቶት ይሁን አፍሮ፣ አንስቶብኝ አያውቅም። እሱ ስለ ታከለ ልብ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ አልፈርድበትም። እኔ ግን ምን እላለሁ? ወጣት ነበርኩ ልበል? ቅናት ነው ልበል? የሰው አፍ ገፋፋኝ ልበል? ሁሉንም ለራሴ ብዬው አይቻለሁ፣ አንዱም አልያዘልኝም።

ከዚህ ሁሉ ተምራለች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልተማርኩም። ባል የሌላት ሴት ናት፣ መሬቷን ጦም አሳደረችው እንዳይሉኝ እየፈራሁ ዳኘን በራሴ ፍጥነት አሳደግሁት። ከብት ሲያግድ ፍጠን፣ ሲበላ ፍጠን፣ ሲያርም ፍጠን። ወደኋላ ሲልብኝ በሰው ፊት እየቀለድኩበት ጎረምሳ ሆነልኝ።

ዘንድሮ በጥቅምት እኔና እሱ ገብሱን ስናጭድ የማጭዱ ድምፅ ጠፋብኝ። ዞር ስል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ማጭዴን ጥዬ ሄድኩ። ደግፌ አስቀመጥኩት።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኩት።

“ከድሮም አለ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ ልጄ?”

ማጭዱን አጠገቡ ካለው ነዶ ላይ ሰካ። 

“ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው፣ እማ” አለኝ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። ደረቱን ደጋግሞ አዳመጠው። ልቡ ላይ ችግር እንዳለ፣ ትልቅ ሆስፒታል መታየት እንዳለበት፣ እስከዚያው ሥራውን በልኩ፣ ሲደክመው እያረፈ እንዲሠራ ነገረን። ከዚያ ብዕሩን አንስቶ “በቤተሰባችሁ እንዲህ ዓይነት ሕመም የነበረበት፣ በድንገት የሞተ ሰው አለ?” ብሎ ጠየቀ። “ይህን ማወቁ ለሕክምናው በጣም ይጠቅመናል” አለ።

ዳኘ ቀደመኝ። “የለም” አለ። “አባቴም የሞተው በወባ ነው።”

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁለት። አዎ፣ በወባ ነው አልኩ። አባቱን የገደልኩበትን ነውር ልሸፍን ብዬ፣ ልጄ ፊቴ ተቀምጦ እያለ፣ ደግሜ ዋሸሁ።

ነገ ወደዚያው ሐኪም ተመልሰን እንሄዳለን። ገብሱ ሜዳ ላይ ነው ያለው፤ ይቆይ። ነገ እናገራለሁ፤ ልጄን ውጣ ሳልል፣ እየሰማኝ እናገራለሁ። ልቡን አውቅ ነበር እላለሁ። ዳገቱን እናገራለሁ፣ እንዝርቱን እናገራለሁ፣ ወባ ያልኩትም ውሸት ነው እላለሁ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ከታከለም አልለምንም፣ እሱ ይቅር ሊለኝ እንደሚችል ስለማውቅ ያሳፍረኛል። ዳኘ ግን ሰምቶ ፊቱን ቢያዞርብኝ እውነት አለው። ዕድሜ ልኬን እናቴ ባይለኝም ይሁን፤ እሱ ብቻ ይኑርልኝ።