ገና ሳንበላላ

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀናቸው ነው። የአምቦ ሰው ሁሉ የቢሮ ሥራቸውን ያነሳል፤ ከእኔ ልብ አልወጣ ያለው ግን የሰንጠረዥ አጨዋወታቸው ነው። በድሮው ሰንጠረዥ፣ በአገራችን ቼዝ፣ መክፈቻው ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። አጎቴ ይህን መክፈቻ ሆን ብለው ያስረዝሙት ነበር። እጃቸው ወታደሮቻቸውን ሲገፋ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። ምን እንደሚያዩብኝ ስጠይቃቸው መልሳቸው "ተጫወቺ" ብቻ ነበር።

በደርግ ጊዜ ከጉደር መምህራን ጋር የቼዝ ውድድር ተደረገና አጎቴ የአምቦን ሠራተኞች ወክለው ቀረቡ፤ እኔም ልጅ ሆኜ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ጨዋታው እንደተጀመረ ሦስት ወታደር በተከታታይ ገፉ። ዳኛው ደንግጦ፣ "ጋሼ፣ ተራዎን ይጠብቁ እንጂ!" አላቸው።

"ገና ሳንበላላ የምን ተራ ነው?" አሉ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጥቂት ቆይተው እጃቸው ረሳና ደገሙት። ጨዋታው ለጉደር ተሰጠ፤ ዋንጫውም አብሮ ሄደ። አፍሬባቸው ቤት እስክንደርስ ቀድሜያቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ቆም አሉና፣ "ቆይ ግን ልጄ፣ እነዚህ ቼዝ ተጫዋቾች ሰዓት እየቆጠረባቸው በተራ ሲጫወቱ፣ ፊታቸው የተቀመጠውን ሰው መቼ ነው የሚያዩት?" አሉኝ።

የመጨረሻው ጨዋታችን እንደተዘረጋ ነው። አንድም ጠጠር ስላልተበላ እንደ ሕጉ ዛሬም ተራ የለም፤ እንዳሻኝ መጫወት እችላለሁ። ትናንት ፈረሴን ሦስት ጊዜ አንቀሳቀስኩና፣ ምን እንዳዩብኝ ለማወቅ ቀና አልኩ።