ከሰልፉ ፊት የወደቅሁ ዕለት

ፊሽካዬን በልጆቹ ፊት ከአንገቴ ያወለቀው ሃምሳ አለቃ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። በሕይወት ካለ ያንብበው። ከሞተም ልጆቹ ያንብቡለት። ይህን የምጽፈው ይቅር ብዬው አይደለም።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከሚያስተምሩ አንድ የኔታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ስሰፋ ኖሬአለሁ፤ ማንም መርፌ አያያዝ አላሳየኝም። አሮጌ ወንበር በትኜ መልሼ እየገጠምሁ ለመድሁት፤ ኋላ ከኡራኤል ድረስ መኪናቸውን እየነዱ እኔን ፈልገው የሚመጡ ነበሩ። እንግሊዝኛንም የተማርሁት እንደዚሁ ነው። ባለሱቁ ጎረቤታችን ስኳር ሊጠቀልልበት ገጽ በገጽ የሚገነጥለውን ሽፋን የለሽ የስካውት መጽሐፍ ከእጁ አስጥዬ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየሁ እስከ መጨረሻው ወጣሁት። ጊዜው ደርግ ስካውትን የባላባት ልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የከለከለበት ስለነበር መጽሐፉን ፍራሽ ውስጥ ሰፍቼ ነው ያኖርሁት። ስፌቴን ማንም አላወቀም።

መጽሐፉ የነገረኝ ይህ ነው። ስካውት ማለት ከጦሩ ቀድሞ ሄዶ የጠላትን ሁኔታ የሚያይ ቃኚ ነው። አንድ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን በደቡብ አፍሪቃ ጦርነት አንዲት ከተማ ውስጥ ተከቦ ሳለ ሰው ቢያጥረው ለትንንሽ ልጆች መልእክት ማድረስን የመሰለ ሥራ ሰጣቸው። ልጆቹ አላሳፈሩትም። ቀደም ሲል ለወታደር ብሎ የጻፈውን የቃኚዎች ትምህርትም ወደ አገሩ ሲመለስ ልጆች ሲጫወቱበት አገኘው። ያን ጊዜ ነገሩን ለወጠው። በጠመንጃው ፈንታ በትር አስያዛቸው። የጠላት ዱካ መከተል የጠፋ ሰው መፈለግ ሆነ፤ ቁስለኛን ከጦር ሜዳ ማውጣት በመንገድ የወደቀን ማንሣት ሆነ። እኛም አገር በየዘመኑ ተለዋውጧል። በጃንሆይ ጊዜ የተማሪ ቤት ልጆች ካኪ ለብሰው ሲሰለፉ በአጥር ቀዳዳ አይቻለሁ። በደርግ ጊዜ ስካውቱ ቀረና የሰፈር ልጆች የእንጨት ጠመንጃ ተሸክመው ተሰለፉ። ደርግ ሲወድቅ ስካውት ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ችግኝ ተከላና ስለ ኤድስ ማስተማር ሆነ። ልጅ አሰላፊ መቼም አይጠፋም። የሚሰለፉት ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን በሰፈራችን ከእኔ በቀር አልነበረም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የቂርቆስንና የካዛንቺስን ልጆች የሰበሰብሁት እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት ኳስ ሜዳው ጥግ ላይ ገመድ ማሰር፣ ደም ማቆም፣ አቅጣጫ ማወቅ አስተማርኋቸው። ስካርፋቸውን ከወንበር ልብስ ትርፍ ጨርቅ የሰፋሁት እኔው ነኝ። ወላጆች ልጆቻቸው ከመንገድ ላይ ስለተሰበሰቡላቸው መረቁኝ። ልጆቹ ሲበዙ ቡድኑን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው «የምስክር ወረቀት ያለው አሰልጣኝ ያስፈልጋል» አለ። ያን ጊዜ ነው ሃምሳ አለቃው የመጣው።

በተበተነው ጦር ውስጥ ምልምል ያሰለጥን የነበረ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ድምፁ ግድግዳ የሚያልፍ ሰው ነበር። አጭር ሥልጠና ወስዶ ወረቀቷን ይዟል። ስብሰባው ላይ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

«እኒህ ሰውዬ ራሳቸው ለልጆቹ የሚሰብኩትን ሰምቻለሁ። ስካውት ከጦር ነው የተወለደው ይላሉ። እውነት ነው። ታዲያ የጦር ነገር ለወታደር ነው ወይስ ለወንበር ሰፊ?»

ኮሚቴው ሳቀ። በገዛ ትምህርቴ መታኝ። በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ መጣና ፊሽካዬን በአንገቴ ላይ ሳለ ያዛት፤ ገመዷን በጭንቅላቴ አሾልኮ አወጣት።

«በል ሽማግሌው፣ አንተ ሻንጣ ጠብቅ።»

አንተ አለኝ። ታላቁ ነኝ፤ በልጆቼ ፊት ነው።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ቦታ የልጆቹ ጫማና ቦርሳ የተከመረበት ጥግ ሆነ። እሱ «ቀኝ ኋላ ዙር! ባለህበት እርገጥ!» እያለ ሜዳውን አቧራ በአቧራ ያደርገዋል። ጉሮሮው ሲደርቅ ወደ እኔ ዞሮ «ግምጃ ቤት! ውኃ!» ይላል። ልጆቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ ውኃውን እወስድለታለሁ።

«ለምን አትተወውም?» አለችኝ ባለቤቴ። «ቦርሳ ለመጠበቅ ከካዛንቺስ ቂርቆስ ድረስ ትወርዳለህ?»

«እወርዳለሁ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ቀኑን አይቼ አዋርደዋለሁ።»

«አንተና ወንበር ስትባሉ አንድ ናችሁ፤ ከተቀመጣችሁ አትነሡም» ብላ ሳቀችብኝ።

ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። ልጆቹ ከሰልፍ ሲያርፉ ወደ ቦርሳቸው ይመጣሉ፤ እኔም እዚያው ቃሬዛ መሥራት አስተምራቸዋለሁ። ቁልፉ የተቆለፈ ሸሚዝ፣ በሁለቱ እጅጌዎች ሁለት በትር፣ ሌላ ሸሚዝ ከወዲያ ጫፍ፤ በቃ፣ ሰው ይሸከማል። እየተፈራረቁ ተሸካሚና በሽተኛ ይሆናሉ። አንድ ነገር ደግሞ እስኪሰለቻቸው ደጋገምሁላቸው፦ የወደቀ ሰው ካያችሁ የማንንም ትዕዛዝ አትጠብቁ፤ ሰልፍ ላይ ብትሆኑም፣ ንጉሥ ቢቆምም። ሃምሳ አለቃው ይሰማና «የወይዘሮ ጨዋታ» ብሎ ያልፋል።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶች ሊጎበኙን መጡ፤ የቀበሌ ሰዎች፣ ከበላይ አካል የመጡ ሰዎች፣ ወላጆች። ድንኳን ተተከለ፤ ሞንታርቦ ተሰቀለ። ያን ዕለት ሰልፉ ካማረ ሃምሳ አለቃው የቡድኑ ቋሚ መሪ ተብሎ እንደሚሾም ኮሚቴው አስቀድሞ ነግሮናል። ከተሾመ ልጆቹ ከእጄ ወጡ ማለት ነው። እሱ አዲስ ካኪ ለብሶ ማይክራፎን ጨብጧል፤ ፊሽካዬ አንገቱ ላይ ናት። ሰልፉ ተጀመረ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ያማረው ግን በእኔ ልጆች ነው።

ከቦርሳው ክምር ተነሣሁ። ቦታውን አስቀድሜ መርጬዋለሁ፤ በሰልፉና በድንኳኑ መካከል፣ ሁሉም የሚያየው፣ ጠጠር የሌለበት። እዚያ ስደርስ ወደቅሁ።

ዋሽተሃል የሚለኝ ካለ የዋሸሁትን ቃል ይጥቀስልኝ። ታመምሁ አላልሁም። መሬት ላይ ተኛሁ፤ መሬት የመንግሥት ነው፣ ማንም ይተኛበታል።

ከዚያ የአንዲት ልጅ ድምፅ ሰማሁ። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የአንዱ ጓድ፣ የአንዱ ትንሽ ቡድን፣ መሪ ነበረች።

«ጋሼ ወደቁ! በትር! ሸሚዝ አውልቁ!»

«ከቦታው የሚንቀሳቀስ እንዳላይ!» አለ ሃምሳ አለቃው። ማይክራፎኑ አፉ ላይ እንዳለ ረስቶታል። «ቁም! ተዉት፣ ይነሣል! ቁም ብያለሁ!»

ሞንታርቦው ይህን ሁሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አደረሰው። ከወላጆች መካከል አንዲት እናት «ኧረ አንተ አረመኔ! ሰው እየሞተ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ከጆሮዬ አጠገብ የልጆች ጫማ ሲሮጥ ይሰማኛል። እጆች ጭንቅላቴን፣ ወገቤን፣ እግሬን ያዙ፤ ልክ እንዳስተማርኋቸው አንገቴን ሳያጣምሙ አነሡኝ። በድንኳኑ ፊት ሲያሳልፉኝ አንዱን ዓይኔን ከፈት አደረግሁት። ሃምሳ አለቃው ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ተጠንቀቅ ብሎ ቆሟል። በሕይወቴ ብዙ የሚያማምር ነገር ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ ግን አልወጣኝም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መነሣት አለመቻሌ ነው። ብነሣ ልጆቹ ያውቃሉ። ስለዚህ ተኛሁላቸው፤ እነሱም እየተቀያየሩ ዋናውን መንገድ ይዘው ቡልጋሪያ ወዳለው ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሚኒባሶች ቆሙልን። አንዱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ፋዘር፣ ይሄ ከእኛ ታክሲ ይሻላል፤ ትርፍ አይጭንም!» አለኝ። ልጅቷ «ዝም በል! ሼም የለህም?» ብላ ጮኸችበት። መንገደኛው ሁሉ «እግዜር ይማርዎ አባቴ» ይላል። አሜን አልሁ በልቤ።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ክንዴን አሰረች፤ መሣሪያዋን አየች፤ ፊቷን አኮሳተረች።

«ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። የተናደዱት ነገር አለ?»

«አይ ልጄ፣ ደስ ብሎኝ ነው።»

ቀልድ መሰላት። መርፌ ወጋችኝ፤ የሚያም መርፌ ነበር፤ አልተነፈስሁም። ከአልጋ እንዳልነሣም አዘዘችኝ። እንግዲህ ሐኪም ቤት ራሱ ታመሃል ካለኝ እኔ ማን ነኝ የምከራከረው?

ልጆቹ በታክሲ ካዛንቺስ ቤቴ አድርሰውኝ ሲሄዱ ባለቤቴ በሩን ዘጋች።

«ተነሥ።»

«ሐኪም ተኛ ብሎኛል።»

«ሐኪም አያውቅህም። እኔ አውቅሃለሁ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። ወዲያው ግን ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች፤ ጠያቂ እንደሚመጣ ታውቃለች።

መጣም። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ ወላጆቹ ሁሉ መጡ። ሁሉም ስለ እኔ በሽታ ጥቂት፣ ስለዚያ ማይክራፎን ብዙ ያወራሉ። የኮሚቴው ሊቀ መንበርም ሙዝ ይዞ መጥቶ ሹመቱ እንደቀረ ነገረኝ፤ ወላጆቹ «ሽማግሌው ካልመሩ ልጅ አንልክም» ብለዋል። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም መምጣት ነበረበት። የሰፈር በሽተኛ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ለቀብሩ ማን ይቆምለታል? ሊጠይቀኝ ግድ እንዲሆንበት ነው አልጋዬን የሙጥኝ ያልሁት።

ልጅቷና የጓዷ ልጆች አልጋዬን ከበው ሳለ ሃምሳ አለቃው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ካኪውን አልለበሰም። በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ይማርዎ ጋሼ» አለ ዝቅ አድርጎ።

«አልሰማሁህም።»

«እግዜር ይማርዎ!»

«አሜን። ሰልፍ ላይ እንኳ ድምፅህ ከዚህ ይሻላል።»

ልጆቹ ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ለምን ቁሙ አሉን?» አለችው። «ጋሼ ቢሞቱስ?» እሱ አንድ ብርቱካን አወጣና በቢላዋ መላጥ ጀመረ። ሲያቀብለኝ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦

«ስንት ምልምል ፀሐይ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ራሱን የሳተ ሰው እጁን አያስቀድምም። አንተ እጅህን አስቀደምህ።»

ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ። ያንን አላሰብሁትም ነበር። መጽሐፉም አልጻፈውም። ልጆቹ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ነገር አለቀ።

«ንገራቸዋ» አልሁት በሹክሹክታ።

ልጆቹን አየ።

«ብነግራቸው» አለ እሱም በሹክሹክታ፣ «ከእንግዲህ ሰው ሲወድቅ ቆመው ያያሉ እንጂ አይሮጡም።»

ይህን ሲል ፊሽካዬን ከወሰደበት ቀን ይበልጥ ጠላሁት። እኔ አሸንፌ ተኝቼ ሳለ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ፣ ከእኔ የተሻለ ስካውት ሊሆንብኝ ነው! ከየት አመጣው? ከእኔ ነው። ከቦርሳው ጥግ ሲያልፍ ሲያገድም የሰማው የእኔ ትምህርት ነው፤ ሌላ ከየት ያመጣዋል? እንዲህ ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ እስከ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ሊነሣ ሲል ክንዱን ያዝሁት።

«ተቀመጥ እንጂ፤ በሽተኛ ጠይቀህ ቶሎ ትሄዳለህ? ያንንም ላጥልኝ።»

ቆም አለ። ልጆቹ ያዩታል። ተቀመጠና ሁለተኛውን ብርቱካን ላጠልኝ።