አባቴ ለሌላ ልጅ የሰጠው የጃፓን ማንዶሊን

በፈረንጆቹ 2020 ሰመር ዳውንታውን ከተቃውሞ ሰልፍ መሃል ፖሊሶች ሲይዙኝ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እጄን በፕላስቲክ ማሰሪያ አስረው ወስደው አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። የሲሚንቶ አግዳሚ፣ ክዳን የሌለው ሽንት ቤት፣ የበረኪና ሽታ። ውጪ ፀሐይ ነው፤ ውስጥ ኤሲው ያንዘፈዝፋል። አላለቀስኩም።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ልጅ አስገቡ። ማልቀስ ያማረኝ እሷን ሳያት ነው። ከከተማችን ዳር ያለችው ደብሊን የምትኖር፣ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ማንዶሊን የሚያስተምራት ልጅ ናት። እራት ላይ ሳይቀር "የሙዚቃ ጆሮ አላት" ይላል።

"ሰልፉ ላይ የያዝኩትን ማንዶሊኔን ወሰዱብኝ" አለች።

"የትኛውን?"

"ጋሼ ባለፈው ሳምንት የሰጠኝን። ጃፓኑን።"

ጃፓኑን! አባቴ እኔ እንዳልነካው ከአልጋው በላይ ሰቅሎት የኖረውን። እጄን ከማሰራቸው ይልቅ ይሄ አመመኝ።

ስትፈራ ወሬ ታበዛለች። "ድሮ ጃፓን የተሠራ ሁሉ ጥሩ አይደለም፣ ታውቂያለሽ? ጋሼ በስልክ መብራት ፊቱ ላይ ያለውን የድምፅ ቀዳዳ ጠርዝ አሳየኝ። ከላይ የሚታየው የእንጨቱ መስመር ጠርዙም ላይ ቀጥሎ ከወረደ አንድ ወጥ እንጨት ነው። እንደ ሳንድዊች ከተደራረበ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ድምፁ ይታፈናል። የኔ አንድ ወጥ ነው።"

"አውቃለሁ" አልኩ። አላውቅም ነበር።

"ውስጡ ያለው የፋብሪካ ቁጥር ደሞ በ74 ይጀምራል። ስለዚህ የሰባ አራት ሥሪት ነው።"

"አይደለም።" እንዴት ደስ እንዳለኝ። "ሁሉም ፋብሪካ ቁጥሩ ላይ ዓመት አይጽፍም። አባቴም እንደዚያ ብሎ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ከርሞ፣ በኋላ የመቃኛዎቹን ዓይነት ሲያይ የስልሳዎቹ ሆኖ አገኘው።"

"ሲሪየስሊ? ለኔ አልነገረኝም።"

"አፍሮ ነዋ።"

ሳቀች። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ።

አንድ ፖሊስ በሩን ከፈተ። የሰው ዕቃ ተደባልቆ የማንዶሊኑ መለያ ወረቀት ጠፍቷል። የማን እንደሆነ ጠየቀ።

"የኔ" አለች።

"ደረሰኝ አለሽ?"

"ስጦታ ነው።" ቡናማ እንደሆነ፣ ስምንት ክር እንዳለው፣ ውስጡ ጃፓን የሚል እንደተጻፈበት ነገረችው።

"ይሄን ጎግልም ይነግረኛል። የተለየ ምልክት ካልነገርሽኝ እዚሁ ይቀራል።"

ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ፤ "ወይስ ያንቺ ነው?"

"የአባቴ ነው" ብል ግማሹ እውነት ነው። ቤት ይዤው እገባ ነበር።

"የሷ ነው" አልኩት። "በቀዳዳው መብራት ያስገቡና ጀርባውን ከውስጥ ይዩት። ስንጥቅ አለ፤ ላዩ ላይ ጥፍር የምታክል እንጨት በሙጫ ተለጥፋለች።"

ሄደ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"የጣልኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ አስነክቶኝ አያውቅም።"

አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ፖሊሱ ተመልሶ መጥቶ የማንዶሊኑን መረከቢያ ፎርም አስፈረማት።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ስትጫወት አሁንም እቀናለሁ፤ እየባሰብኝም ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጎብዛለች። አባቴ ግን ማንዶሊኑ በማን አፍ እንደተመለሰ እስከ ዛሬ አያውቅም። እሷ አልነገረችውም፤ እኔም አልነገርኩትም። ይሄ የሁለታችን ነው፤ እሱ የለበትም።