ጋሼ መርዕድ መጠጥ ቤት የገቡ ዕለት

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ጋሼ መርዕድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ መጠጥ የቀመሰ ወጣት ሁሉ ምክር የሚቀበለው ከእሳቸው ነው። አንድ ቀን ቲያትር ልጋብዛቸው ብዬ ከምንኖርበት ከፌርፋክስ ወደ መሀል ከተማው፣ ወደ ዳውንታውን ወሰድኳቸው። ገና ፓርክ ሳደርግ "ሽንት ቤት ፈልግልኝ" አሉኝ። በቅርብ ያገኘሁት ከቲያትር ቤቶቹ መሀል ያለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መጠጥ ቤት ብቻ ነበር። እያፈርኩ ይዣቸው ገባሁ።

ከሽንት ቤት ሲወጡ፣ ቱሪስቶች ይዞ የመጣ አስጎብኚ በጣቱ እያሳያቸው "ይሄ ሰውዬ የቤቱ የጥንት ደንበኛ ነው" አይል መሰላችሁ! ቱሪስቶቹም ፎቶ ያነሷቸው ጀመር።

ደሜ ፈላ። "ጥቁር ሽማግሌ ሁሉ አንድ ይመስልሃል? እኚህ ሰው መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም! ይቅርታ ጠይቃቸው!" ብዬ ጮህኩበት።

ጋሼ እጄን እየጎተቱ "ተወው ልጄ፣ እንውጣ" አሉኝ።

"አይሆንም ጋሼ! ስምዎ ሲጠፋ ዝም አልልም!" አልኩና ባለቤቱን አስጠራሁ።

ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ አለ። ጋሼን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ምንም ሳይጠይቃቸው ጥቁር ቢራ ቀድቶ ፊታቸው አስቀመጠና፦

"መርዕድ! ባለፈው ቅዳሜ ምነው ቀረህ?" አላቸው።