ለእንግዳ በርበሬው የተቀነሰ ሬጌ

በጥንቃቄ ያዘጋጃችሁት ነገር በአንድ ሳቅ ተንዶባችሁ ያውቃል? እኔ ላይ ደርሷል።

ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ በሚገኝ አፓርታማ የጋራ ክፍል ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች ሙዚቃ አስተምር ነበር። የዕለቱ ርዕስ ሬጌን ለዓለም ያሰሙት ፕሮዲዩሰሮች ነበሩ። ሰሌዳው ላይ በሦስት ቀለም ጻፍኩ። ፕሮዲዩሰር ማለት፣ አልኳቸው፣ ራሱ ባይዘፍንም ዘፈኑ እንዴት እንደሚሰማ የሚወስን ሰው ነው። አንዱ ኪንግስተን የተቀዳውን ቴፕ ለንደን ወሰደ። ሮክ የለመደ ጆሮ እንዳይደነግጥ ጊታር ጨመረበት፤ ቤዙንም፣ ያን ደረት የሚመታ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሽ ዝቅ አደረገው።

ከዚያ በስልኬ አጫወትኩላቸው። ስልክ ደግሞ ቤዝ የሚባል ነገር አያውቅም።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ የሚከፈተው ሙዚቃ ነው!" አለች ከበሮ መቺዬ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

እናቷ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሻኮፒ ከተማ ካለው መጋዘን ፈረቃቸውን ጨርሰው መምጣታቸው ነው። "ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ ድራይቭ የማደርገው? ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ሒሳብ ትማራለች።"

ደነገጥኩ። ከእሷ ሌላ ምት የሚጠብቅ ተማሪ አልነበረኝም።

"እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ። መኪናዎ ቤዝ አለው?"

"ትልቁ ልጄ የገጠመው ጉድ አለ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል" አሉ አፍረው።

እሳቸው መሪው ጋ፣ እኔ ከጎናቸው፣ ልጅቷ ከኋላ ተቀመጥን። ውጭው በረዶ ነው። ዘፈኑን ከፍቼ ቤዙን ዜሮ አደረግኩት።

"ጨው የለውም" አሉ።

እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። "ውይ! ይሄማ የሠርግ ነው!" ትከሻቸው ሳያስፈቅዳቸው ተነሣ።

"ማም፣ ፕሊስ!" ልጅቷ ፊቷን በኮፍያዋ ሸፈነች።

ከዚያ መሃል ላይ መለስኩት። "ቴፑን ለንደን የወሰደው ፕሮዲዩሰር፣ ሮክ የለመደ ጆሮ እንዳይደነግጥ፣ ቤዙን እዚህ አካባቢ ነው ያቆመው።"

ትንሽ አሰቡ። "ገባኝ። እኔም ለሥራ ቦታ ሰዎች ዶሮ ወጥ ስወስድ በርበሬውን እቀንሳለሁ። ጠርገው በሉት። አሁን አንዷ 'ለቤትሽ እንደምትሠሪው አምጪልኝ' እያለች ትነዘንዘኛለች።"

"እሱ ነው! በትክክል እሱ ነው!" ከመቀመጫዬ ስዘል ጣሪያው መታኝ። ያ ሁሉ ቀለም ያልገለጸውን እሳቸው በአንድ ድስት ጨረሱት።

ቤዙን ራሳቸው እስከ ጥግ ከፈቱት፤ መሪውን እንደ ከበሮ ሲመቱም የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። የቀሩት ተማሪዎቼ በሙሉ የክፍሉ መስኮት ላይ ተለጠፉ።

"ሒሳቡስ?" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

"እሑድ የለም እንዴ?" አሉ። ወደ እኔ ዞረውም፦ "አንተ ደግሞ፣ ሁለተኛ በስልክ እንዳታስተምር!"

እስቲ እናንተም ሞክሩት። መኪናችሁን አቁሙ፤ የምትወዱትን ሬጌ ክፈቱ፤ ቤዙን ዜሮ አድርጉና ቀስ እያላችሁ መልሱት። ከጎናችሁ ለሬጌ እንግዳ የሆነ ሰው ካለ፣ ቤዙን የት ላይ እንደምታቆሙለት ወስኑ። መሪውን ስትመቱ ብቻ ጥሩምባውን ተጠንቀቁ።